ኬላ የማያስቆመው ሕክምና

አማርኛ ለሁለት ነገር አንድ ስም ሰጥቷል። ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት አንጓ ጉልበት ይባላል፤ የሰው አቅምም ጉልበት ይባላል። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሰሊጡ የሚታረመውና የሚታጨደው በጉልበት ነው። ኩንታሉ መኪና ላይ የሚወጣው በጉልበት ነው። ውኃውም ቤት የሚደርሰው በጉልበት ነው። አንጓው ሲታመም አቅሙም አብሮት ይሄዳል፤ አቅሙ ሲሄድ የቀን ገቢው ይከተላል።

ስለ መተማ ሲወራ ግን ጉልበት አይነሳም። የሚነሱት ነገሮች ይታወቃሉ፦ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚያ የወደቁት አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ሰሊጥ፣ ድንበር፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳንን ጦርነት ሸሽቶ የገባው ስደተኛ፣ በመንገድ ላይ የሚፈጸመው እገታ። ስለ ጤና ከተወራም ወባና ካላዛር ይቀድማሉ፤ በ2015 ክረምት ደግሞ ቋራ ውስጥ ኮሌራ ተነስቶ ነበር። ሰው በሚገድል በሽታ መካከል ሰው የማይገድል በሽታ ማንሳት ቅንጦት ይመስላል።

ቅንጦት አይደለም። የጉልበት ሕመም ሰውን አይገድልም፤ ሰውን ከቤቱ ደጃፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ቆላ ላይ ደግሞ ተቀምጦ የሚበላ የለም። ከዚያም በላይ ይህ ሕመም ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፦ ዓለም በመጀመሪያ ደረጃ የሚመክርለት ሕክምና መድኃኒት አይደለም፣ መርፌም አይደለም፣ ማቀዝቀዣም አይፈልግም። እውቀት ነው። መኪና ተጭኖ የማይመጣ፣ ጥይት የማያስቆመው፣ ኬላ ላይ የማይፈተሽ። ይህ ሕክምና ገንዳ ውሃና መተማ ዮሐንስ የማይደርስበት አጥጋቢ ምክንያት የለም። የማይደርሰው እንዲያደርስ የታዘዘ ሰው ስለሌለ ነው።

ብርድ ያልሆነው ብርድ

ሕመሙ በሕክምናው ዓለም ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። በሰፈር አነጋገር ግን ‹‹ቁርጥማት›› ወይም ‹‹ብርድ›› ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት በመጋቢትና በሚያዝያ እንኳ ‹‹ጉልበቴን ብርድ መታኝ›› ይባላል። ብርድ ግን አይደለም። የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው ለስላሳ ልም አጥንት በጊዜ ብዛት እየሳሳ፣ በዙሪያው ያለው አጥንትና ጅማትም አብሮ እየተለወጠ የሚመጣ የመላው አንጓ ሕመም ነው። ዕድሜ፣ የቀድሞ ጉዳት፣ የሰውነት ክብደት፣ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ፣ ለዓመታት እየተንበረከኩና እየተሸከሙ መሥራት ሁሉም ድርሻ አላቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ የመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 365 ሚሊዮኑ የሚታመሙት ጉልበታቸውን ነው። ከሕሙማኑ 60 በመቶው ሴቶች ናቸው፤ 73 በመቶው ደግሞ ከ55 ዓመት በላይ ናቸው። ይህን ቁጥር ወደ ቆላው ለማውረድ ሒሳብ አያስፈልግም። በሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ደረጃውን በጎን የሚወርዱትን እናቶች፣ በጁምዓ ከሶላት ሲነሡ ጎረቤታቸውን የሚደገፉትን አባቶች ማየት ይበቃል።

ከሕመሙ ይልቅ አሳሳቢው አዙሪቱ ነው። ጉልበት ሲያም ሰው መንቀሳቀስ ይቀንሳል። እንቅስቃሴ ሲቀንስ ጉልበትን ከፊት ደግፎ የሚይዘው የጭን ጡንቻ ይሟሽሻል። ጡንቻው ሲሟሽሽ የእያንዳንዱን እርምጃ ጫና አንጓው ብቻውን ይቀበላል፤ ሕመሙም ይብሳል። ‹‹አርፈሽ ተቀመጪ›› የሚለው የልጆች ምክር ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ይህንኑ አዙሪት ያፋጥነዋል።

በየሱቁ ያለው መልስ

በአሁኑ ጊዜ ቆላው ለዚህ ሕመም ያለው መልስ ክኒን ነው። ዲክሎፌናክ ወይም ሌላ ማስታገሻ ያለ ማዘዣ ይገዛል፣ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ይረግባል፣ ሰውየው ወደ ሥራው ይመለሳል፣ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ክኒን። ለአጭር ጊዜ፣ በባለሙያ ምክር ሲወሰድ ክኒኑ ቦታ አለው። በወራት ሲቆጠር ግን ጨጓራን ያቆስላል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትን ይጎዳል።

እዚህ ላይ መተማ ከደጋው ትለያለች። እነዚህ ማስታገሻዎች ኩላሊትን የሚጎዱት በተለይ ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ነው። ቀኑን ሙሉ በጠራራ ፀሐይ ሰሊጥ የሚያጭድ፣ ከጠጣው በላይ የሚያልበው ሠራተኛ ያንኑ ክኒን ሲውጥ ደጋ ላይ ከሚኖር ሰው የበለጠ አደጋ ውስጥ ነው። ስቴሮይድ ያለበት መድኃኒት ያለ ማዘዣ ሲለመድ ደግሞ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ያስነሳል። ወጌሻም አለ፤ የወለቀ ሲመልስ ስሙ የገነነ ነው። ይህ ጉልበት ግን አልወለቀም። ቢጎተትና ቢታሽ የሚመለስበት ቦታ የለም።

ክኒኑን ማውገዝ ቀላል ነው። ግን ክኒን የሚገዛ ሰው ሞኝ አይደለም፤ ከፊቱ የተቀመጠለት አማራጭ ያ ብቻ ስለሆነ ነው የሚገዛው።

ሀብታሞቹ አገሮች ምን ያደርጋሉ?

ብዙ ሰው በውጭ አገር ለጉልበት የሚደረገው ሕክምና ቀዶ ጥገና ብቻ ይመስለዋል። ጉልበቱ ጨርሶ ለተበላሸ ሰው አንጓውን በሰው ሠራሽ መተካት ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ያ የመጨረሻው በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ 180 ሕሙማንን ይዞ የተካሄደ ጥናት፣ ጉልበት ውስጥ በትንሽ ካሜራ ገብቶ ማጠብና መጥረግ ቆዳን ሰንጥቆ መልሶ ከመስፋት የተሻለ እፎይታ እንዳልሰጠ አሳይቷል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ይህ ሕመም ላለበት ሰው ሁሉ እንደ አቅሙ የተመጠነ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲሰጠው አዝዟል። ፓራሲታሞልን እንደ መደበኛ መድኃኒት መስጠትንም አይመክርም።

ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረችው ፕሮግራም ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ሕሙማኑ ስለ ሕመሙ ጥቂት ትምህርት ይወስዳሉ፤ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በአጠቃላይ 12 ጊዜ፣ በባለሙያ እየታዩ ይለማመዳሉ። ከዚያ በኋላ በራሳቸው ይቀጥላሉ። ወንበር፣ ደረጃ፣ ምንጣፍ፣ የሚለጠጥ ጎማ ነው የሚያስፈልገው። ከእነዚህ ውስጥ ገንዳ ውሃ ገበያ ላይ የማይገኝ ዕቃ የትኛው ነው?

ተአምር ግን አይደለም፤ ማጋነን ነገሩን ይጎዳዋል። ከ100 በላይ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ እንቅስቃሴው ሕመምን ይቀንሳል፣ መነሣትና መሄድን ያሻሽላል። እፎይታው ግን ከሰው ሰው ይለያያል፣ ለአንዳንዱ ትንሽ ነው፣ ሲተዉትም ይደበዝዛል። የሳሳውን ልም አጥንት አይመልስም። የሚመልሰው ጉልበቱን ነው፤ በሁለተኛው ትርጉሙ።

‹‹ገበሬ ስፖርት ምን ያደርግለታል?››

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። ከጎሕ እስከ ማታ ሲያርም የዋለ ሰው፣ ጀሪካን ተሸክማ ሦስት ጊዜ የተመላለሰች እናት ‹‹እንቅስቃሴ አድርጉ›› ሲባሉ ቢስቁ አይፈረድባቸውም።

ሥራ ግን እንቅስቃሴ መሆኑ ብቻ ሕክምና አያደርገውም። ሥራ የሚመርጠው ጡንቻን ሳይሆን ጫናን ነው። ሰሊጥ ፍሬው ተከፍቶ ከመርገፉ በፊት መታጨድ ስላለበት፣ በመስከረምና በጥቅምት አጫጁ ሲያመው ሊያቆም አይችልም፤ በአንድ ዓይነት አጎንባሽነት ሰዓታት ይውላል። ልምምድ ከዚህ ተቃራኒ ነው። አጭር ነው፣ ሸክም የለበትም፣ የደከመውን ጡንቻ ለይቶ ያነሣል፣ በየሳምንቱ በጥቂቱ ይጨምራል፣ ሲያም ይቀንሳል። ሥራ ጉልበትን ያወጣል፤ ልምምድ ጉልበትን ያስገባል።

ከውጭ የሚመጣው ምክርም እንዳለ አይገለበጥም። ‹‹ክብደት ቀንሱ›› የሚለው ለተወፈረ ሰው እውነተኛ ምክር ነው፤ ወፍራም በሆኑ አረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከሰውነት የሚቀንስ እያንዳንዱ ኪሎ በእርምጃ ወቅት ከጉልበት ላይ የአራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያነሳ አሳይቷል። ለቀጫጫው ሠራተኛ ግን ይህ ምክር ስድብ ነው። የእሱ ክብደት ሆዱ ላይ አይደለም፤ ትከሻው ላይ ነው። ለእሱ ምክሩ ኩንታሉን ለሁለት መክፈል፣ ጋሪ መጠቀም፣ በየመሐሉ ቀና ብሎ ማረፍና ውኃ መጠጣት ነው። ይህን ደግሞ ሠራተኛው ብቻውን አይወስነውም፤ የእርሻው ባለቤት ነው የሚወስነው።

አንዲት እናት፣ አንድ ወንበር

በገንዳ ውሃ ገበያ እህል የሚቸረችሩ አንዲት የ58 ዓመት እናት ይታሰቡ። ስም አያስፈልጋቸውም፤ እንደ እሳቸው ያለ እናት የሌለበት ቀበሌ የለም። ጠዋት ሲነሡ ጉልበታቸው ለጥቂት ደቂቃ ይግተረተራል፣ ከዱካ ላይ ለመነሣት ልጅ ይጠራሉ። ልምምዱ ለእሳቸው እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ፀሐይ ሳይበረታ፣ መደብ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። የተጠቀለለ ነጠላ ከጉልበታቸው ሥር ያደርጉና ጉልበታቸውን ወደ ታች ተጭነው የጭናቸውን ጡንቻ ያጠብቃሉ። እስከ አምስት ቆጥረው ይለቃሉ። አሥር ጊዜ። ቀጥሎ አንዱን እግር አጥፈው፣ ሌላውን ሳያጥፉ ስንዝር ያህል ከፍ ያደርጉና ቀስ ብለው ያወርዳሉ።

ከዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ዱካ አይሆንም፣ ዝቅ ይላል፤ ከፍ ያለ፣ የማይወዛወዝ ወንበር፣ ጀርባው ግድግዳ የነካ። አንዱን እግር ከፊት እስኪቃና ያነሣሉ፣ አምስት ይቆጥራሉ፣ ያወርዳሉ። በመጨረሻ ዋናው ይመጣል፦ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበሩ መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ። መጀመሪያ አምስት ጊዜ፣ በሳምንታት ውስጥ አሥር ጊዜ። ካቃታቸው በእጃቸው ይደገፉ፣ ወይም የታጠፈ ጋቢ ከሥር አድርገው መቀመጫውን ከፍ ያድርጉት። የበሩን መቃን ይዘው ተረከዛቸውን ማንሣትና ማውረድ ይጨመርበታል። ሁሉም ከሩብ ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ቢሆን ይበቃል፣ በየቀኑ ጥቂት በእግር መሄድ ከታከለበት ደግሞ ይሻላል።

የመጠኑ ሕግ አንድ ነው። ሲለማመዱ ጥቂት ቢያማቸው አይጎዳቸውም። ሕመሙ በማግስቱ ካልተመለሰ ወይም ጉልበቱ ካበጠ ግን በዝቷልና ግማሹ ይቀነስ እንጂ አይተው። ለውጥ የሚጠበቀው በሳምንት ሳይሆን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የቀረው የኑሮ ማስተካከያ ነው። መፀዳጃ ቤት ውስጥ የሚያዝ እንጨት ማቆም ወይም ገመድ ማሰር። ቡና ሲፈላ ከፍ ባለ መቀመጫ መቀመጥ። ስግደት የሚከብዳቸው ከንስሐ አባታቸው ጋር መነጋገር፤ ለሙስሊሙም በወንበር መስገድ ለሕመምተኛ የተፈቀደ ነው። ለወንዶቹ ደግሞ ዱላው አለ። የቆላ ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ይሰቅልበታል። ጉልበቱ ሲታመም ዱላው ከትከሻ ይውረድ፤ የሚያዘውም ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ብዙ ሰው ግን በታመመው በኩል ይይዘዋል።

ልምምድ የማይመለከተው ጉልበትም አለ። ድንገት ያበጠ፣ የቀላና የሚያቃጥል፣ ትኩሳት ያለበት ጉልበት አንጓው ውስጥ ኢንፌክሽን ሊኖር ስለሚችል ሳያድር ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መታየት አለበት። ወድቆ መቆም ያቃተው ሰው፣ ጉልበቱ ተቆልፎ የማይዘረጋለት፣ ሌሊት የማያስተኛ ሕመም ያለውና እየከሳ ያለ ሰው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሕፃንም እንዲሁ።

ሰበብ እንዳይሆን

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ከመተማ ዮሐንስ ጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ መንገድ ላይ እገታና ተኩስ አለ፣ መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ። ‹‹ሰላም አምጡ፣ መንገድ ክፈቱ፣ ሐኪም መድቡ›› ማለት ሲገባ ‹‹ከወንበር ተነሡ ተቀመጡ›› ማለት መንግሥትን ከተጠያቂነት ማስመለጥ አይሆንም ወይ?

ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መስመሩ በግልጽ ይሰመር። ልምምድ የሆስፒታል ምትክ አይደለም። ኢንፌክሽን የያዘው ጉልበት፣ የተሰበረ እግር፣ ምጥ የያዛት ሴት መንገድ ይፈልጋሉ፤ የዚያ መንገድ ደኅንነት የመንግሥትም መሣሪያ የያዘ ወገን ሁሉም ዕዳ ነው። ግን መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ሊሰጥ የሚችለውን ነገር አለመስጠት ሁለተኛ በደል ነው። ሰላም የሚጠብቅ ሕክምና አለ፤ ሰላምን የማይጠብቅም አለ። ሁለቱን ቀላቅሎ ሁለቱንም ማዘግየት ማንንም አይጠቅምም።

መዋቅሩ ደግሞ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ሐሳቡም ቤት ለቤት ሄዶ ሰው በራሱ እጅ ጤናውን እንዲጠብቅ ማስተማር ነበር። መጸዳጃ መቆፈርንና አጎበር መዘርጋትን ያስተማሩ ባለሙያዎች ከወንበር መነሣትን ማስተማር አያቅታቸውም። ጎንደርም ለዚህ ባዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው ሐኪም ቤት ውስጥ የሚጠብቁ ሳይሆን ወደ ገጠር የሚወርዱ የጤና ቡድኖችን ለማፍራት ነበር። የዚያ ኮሌጅ ወራሽ የሆነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ ያሠለጥናል። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ነው።

ድልድዩ ውድ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ስድስት ሥዕል ያለበት አንድ ገጽ ያዘጋጅ፤ በአማርኛ፣ ማንበብ ለማይችል ሰውም እንዲገባ። የዞኑ ጤና መምሪያ ባለሙያዎቹን ለስብሰባ በጠራበት ቀን ግማሽ ቀን ለጉልበት ይስጥ። በነሐሴ 2015 ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ታይቷልና ነገሩ በስልክ ቪዲዮ ላይ ብቻ አይንጠልጠል፤ ወረቀትና የሰው አፍ ይቅደም። የፋርማሲ ባለሙያው በወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ማስታገሻ ለሚገዛ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ‹‹ውኃ በደንብ ይጠጣሉ? ጨጓራ፣ ግፊት፣ ኩላሊት ያምዎታል?›› የሰሊጥ ባለሀብቱም ሠራተኛው ሰው መሆኑን ከመኸር በፊት ያስብ። ቄሱና ኢማሙ ደግሞ በአንድ ቀን ከየትኛውም ቢሮ የበለጠ ጉልበት ያያሉ፤ ቃላቸውም ይሰማል።

ይህን ሁሉ የሚያዝ ደብዳቤ እስኪወጣ ድረስ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ውጭ አገር ሆኖ ቆላ ላይ እናት ወይም አባት ያለው ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ስልክ መደወሉ አይቀርም። የሚላከው ገንዘብ ለማስታገሻ ከሚሆን፣ ስልኩ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር። ‹‹እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው?›› የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። ጥያቄው ‹‹ዛሬ ስንት ጊዜ ተነሣሽ?›› ይሁን።